ከእርሾ ሕዋስ እስከ ካንሰር ሥጋት፦ የዌይነርትና የሃርትዌል ሥራ ሂሳዊ ንባብ

መግቢያ

ቴድ ዌይነርት እና ሊላንድ ሃርትዌል እ.ኤ.አ. በ1988 በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ስድስት ገጽ ብቻ ነው። በውስጡ አንድም የካንሰር ታማሚ አልተጠቀሰም፤ ሥራው በሙሉ የተካሄደው በእርሾ ላይ ነው። ይሁንና ዛሬ በካንሰር ሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ዲ.ኤን.ኤ ጉዳትና ስለ ሕዋስ ዑደት ኬላዎች የሚተርከው ምዕራፍ ሲገለጥ ከሥሩ ይኸው ጥናት ይገኛል። የቀረበው ጽሑፍ ይህን ሥራ ለማወደስም ሆነ ለማጣጣል የታሰበ አይደለም። ሦስት ጥያቄዎችን ለመመርመር ነው። ጥናቱ በእርግጥ ያሳየው ምንድን ነው? ከእርሾ ወደ ሰው የተደረገው ሽግግር እስከ ምን ድረስ ያስኬዳል? በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ለምናክማቸው ሰዎችስ ምን ይፈይዳል?

ጥያቄዎቹን ያነሣሁት ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ መሆኑን አልሸሽግም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቀየት አካባቢ የመጣች፣ ዕድሜዋ ከአርባ ብዙም ያላለፈ የጡት ካንሰር ታማሚ እከታተል ነበር። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ። አንድ ቀን ታናሽ እህቷ ባሕር ማዶ የሚኖር ወንድማቸው ከፍሎ ያስመረመረውን የዘረመል ምርመራ ውጤት ይዛ መጣች። በወረቀቱ ላይ ታማሚዋ «ቼክ-2» በተባለው ዘረመል ውስጥ አንድ ለውጥ እንዳለባት ተጽፏል፤ ከጎኑም «ትርጉሙ ያልተለየ» የሚል ማስታወሻ ሰፍሯል። እህቲቱ «ዶክተር፣ ይህ ነገር ለእኔም ተጽፎብኛል ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም በትምህርት ቤት ያነበብኩት የእርሾ ጥናት ትዝ ብሎኝ «ይህ ዘረመል የሕዋስ ኬላ ጠባቂ ነው፤ ጠባቂ ሲጎድል ሕዋስ ይበላሻል፤ አንቺም ልትጠነቀቂ ይገባል» አልኳት። ከተናገርኩት ቃል ስለ እርሾ ስሕተት የነበረ የለም። ስለ እርሷ ግን አንዱም በማስረጃ የተደገፈ አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ የታጨችበትን ጋብቻ ማፍረሷን ሰማሁ። ምክንያቱን ስጠይቃት «በሽታ ይዤ ወደ ሰው ቤት አልገባም» አለችኝ።

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ያ መልስ ምን ላይ እንደሳተ የማጣራት ሙከራ ነው።

ሥራው ምን ነበር?

ሃርትዌል በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የእርሾን የሕዋስ ዑደት ማጥናት የጀመረው ከ1988 ቀደም ብሎ ነው። ሙቀት ሲጨምር መከፋፈላቸውን የሚያቆሙ እርሾዎችን እየለየ፣ ዑደቱን ደረጃ በደረጃ የሚያስኬዱትን ዘረመሎች ዘርዝሯል። የተጠቀመው የእርሾ ዓይነት ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲየ ይባላል። ይህ ፍጥረት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በጠላችንና በጠጃችን ውስጥ የሚገኘው ዋናው እርሾ እርሱ ነው። ሕዋሱ ሲራባ እንቡጥ ያወጣል። የእንቡጡ መጠን ሕዋሱ በዑደቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ስለሚያመለክት፣ ተመራማሪው በተራ ማይክሮስኮፕ አይቶ ማን እንደቆመና ማን እንደሄደ መለየት ይችላል።

ጨረር የደረሰበት ጤናማ እርሾ መከፋፈሉን ለጊዜው ያቆማል፤ ትልቅ እንቡጥ እንዳወጣ፣ ክሮሞዞሞቹን ሳያከፋፍል ይቆያል። ይህ ከ1988 በፊትም ይታወቅ ነበር። ያልታወቀው ሕዋሱ የሚቆመው ጉዳቱ ራሱ እንቅስቃሴውን ስለሚያግደው ነው ወይስ «ቁም» ብሎ የሚያዝዝ የተለየ ሥርዓት ስላለው ነው የሚለው ነበር። ዌይነርትና ሃርትዌል አዲስ እርሾ አልፈጠሩም። በጨረር በቀላሉ እንደሚሞቱ ከታወቁትና «ራድ» የሚል መለያ ከተሰጣቸው እርሾዎች መካከል የትኛው መቆም እንደሚሳነው መረመሩ። «ራድ-9» የጎደለው እርሾ ከጨረር በኋላ ሳይቆም መከፋፈሉን ቀጠለ፤ ከጥቂት መከፋፈል በኋላም ሞተ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ግኝት ብቻውን ብዙ አያስደንቅም። ራድ-9 ዲ.ኤን.ኤ የሚጠግን ዘረመል ቢሆንስ? ጥገናው ቀርቶበት የሞተ ሊሆን አይችልምን? ተመራማሪዎቹ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ የሥራው አስኳል ነው። ራድ-9 የጎደለውን እርሾ ጨረር ከመቱት በኋላ፣ ክሮሞዞም የሚጎትቱትን ክሮች በሚያፈርስ መድኃኒት መከፋፈሉን በግድ አስቆሙት። ጥቂት ሰዓታት ካቆዩት በኋላ መድኃኒቱን አጥበው ለቀቁት። ይሞት የነበረው እርሾ በእጅጉ ተረፈ። ዘረመሉ አሁንም እንደጎደለ ነው፤ የተሰጠው ነገር ጊዜ ብቻ ነው። ጊዜ ሲያገኝ ጉዳቱን መጠገን ቻለ። ስለዚህ የጎደለው መጠገኛው ሳይሆን ማስቆሚያው ነበር ማለት ነው።

በአገራችን መንገድ የተጓዘ ሁሉ ይህን ልዩነት በቀላሉ ይረዳዋል። ፍሬኑ የተበላሸ የጭነት መኪና ኬላ ላይ ሲደርስ የኬላው ጠባቂ ገመዱን ይዘረጋል እንጂ ፍሬን አይጠግንም፤ የሚጠግነው መካኒኩ ነው። መካኒኩ ቢኖርም ገመዱ ካልተዘረጋ መኪናው ወደ ቁልቁለቱ ይሄዳል። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ቀጣይ ጽሑፍ ለዚህ ሥርዓት የሰጡት ስም በአማርኛ ኬላ ከምንለው ጋር አንድ ነው። ቃሉ በሕክምናው ዓለም የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው።

የሥራው ጥንካሬ

የዚህ ጥናት ትልቁ ብርታት ሁለት የተጣበቁ ነገሮችን መለያየቱ ነው። ሐኪም በየዕለቱ የሚገጥመው ችግር ይህ ነው፤ ትኩሳቱ የበሽታው ነው ወይስ ሰውነት ለበሽታው የሰጠው ምላሽ? ዌይነርትና ሃርትዌል ጥያቄውን በክርክር አልፈቱትም። አንዱን ነጥለው በሰው እጅ በመተካት ፈቱት። ከዚህ የላቀ ወይም የረቀቀ መሣሪያ አላስፈለጋቸውም፤ የጨረር ምንጭ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ሳህንና አንድ መድኃኒት በቂ ነበር።

ሁለተኛው ብርታት ጨረር በሌለበት ያዩት ነገር ነው። ራድ-9 የጎደለው እርሾ ጨረር ካልነካው ያድጋል፣ ይራባል፤ ለዓይን ጤናማ ይመስላል። ነገር ግን በየትውልዱ ክሮሞዞም የሚያጣበት መጠን ከጤናማው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለካንሰር ትምህርት ወሳኙ ይህ ነው። ኬላ የጠፋበት ሕዋስ ወዲያው አይሞትም፤ እየኖረ ዘረመሉን ቀስ በቀስ ያዛባል። ሃርትዌል እ.ኤ.አ. በ1992 በ«ሴል» መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ የካንሰር ሕዋሳት ዘረመል ያልረጋው ኬላዎቻቸው ስለተጓደሉ ሊሆን ይችላል ሲል ሐሳቡን አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማትን ከቲም ሀንትና ከፖል ነርስ ጋር ሲካፈል የኬላው ሐሳብ ከሥራዎቹ አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል።

በዚህ አጋጣሚ ለአፍሪካዊ አንባቢ የሚገባ አንድ ነጥብ ላንሣ። ነርስ የተጠቀመበት ሌላው የእርሾ ዓይነት ሺዞሳካሮማይሲስ ፖምቤ ይባላል። «ፖምቤ» በስዋሂሊ ቢራ ማለት ነው። እርሾው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ለዓለም ሳይንስ የተገለጠው ከምሥራቅ አፍሪካ የማሽላ ዘመድ እህሎች ከሚጠመቅ መጠጥ ተለይቶ ነው። መነሻው የእኛው ክፍለ ዓለም ጋን ሆኖ ሳለ፣ ትምህርቱ ለእኛ የደረሰን ዞሮ ነው።

የሥራው ወሰንና ድካም

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የምጽፈው ሥራውን ከሚያከብር ሰው ወገን ሆኜ ነው። አብዛኛው ድካም የደራሲዎቹ አይደለም፤ ከእነርሱ በኋላ ሥራውን ያለ ልክ የለጠጥነው የእኛ ነው።

አንደኛ፣ የታሪኩን መነሻ ለእርሾ ብቻ መስጠት ትክክል አይደለም። አታክሲያ ቴላንጂኤክታሲያ በተባለው በሽታ የተያዙ ልጆች አካሄዳቸው ይናጋል፤ በዓይናቸው ላይ የደም ሥሮች ይጎላሉ፤ ለጨረር እጅግ ስሱ ናቸው፤ ለካንሰርም ይጋለጣሉ። ፔይንተርና ያንግ እ.ኤ.አ. በ1980 የእነዚህ ልጆች ሕዋሳት ጨረር ከመታቸው በኋላ ዲ.ኤን.ኤ መሥራታቸውን እንደማያቆሙ አሳይተው ነበር። ይህም ከራድ-9 ጥናት 8 ዓመት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ስዊፍትና ባልደረቦቹ በእነዚህ ልጆች ቤተሰቦች ውስጥ ባሉ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር እንደሚበዛ ከቤተሰብ ታሪክ ብቻ ተነሥተው ዘግበዋል። የበሽታው ዘረመል «ኤቲኤም» ተለይቶ የተገኘው በ1995 ነው፤ ያን ጊዜም በእርሾ ውስጥ ከሚታወቁ የኬላ ዘረመሎች ጋር ዝምድና እንዳለው ታየ። ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሕክምና ክፍሉና የእርሾ ሳህኑ ጎን ለጎን ሄደዋል፤ አንዳንዴም የቀደመው ሐኪሙ ነው።

ሁለተኛ፣ የስም ችግር አለ። «ራድ-9» የሚለው ስም በሳካሮማይሲስና በፖምቤ እርሾዎች ውስጥ የተሰጠው ለሁለት የተለያዩ፣ ዝምድና ለሌላቸው ዘረመሎች ነው። በሰው ውስጥ «ራድ-9» የሚባለው የሚዛመደው ከፖምቤው ነው እንጂ ዌይነርትና ሃርትዌል ካጠኑት ጋር አይደለም። ስም አይቶ ብቻ ከአንዱ ጥናት ወደ ሌላው የሚሻገር አንባቢ ሳያውቀው ከአንድ ቤተሰብ ወደ ሌላ ቤተሰብ ይገባል። በእኛ ቋንቋም ተመሳሳይ አደጋ አለ። «እርሾ» ስንል የእንጀራውንም፣ የጠላውንም፣ የዳቦውንም በአንድ ቃል እንጠራለን። ስቱዋርትና አስናቀ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ እንጀራ ባሳተሙት ጥናት ከጤፍ እርሾ ውስጥ የለዩት የካንዲዳ ዝርያ ነው። ይህን ለተማሪዎቻችን ሳንነግር «ቤታችሁ ያለው እርሾ ነው» ብንላቸው ገና ከመነሻው እናሳስታቸዋለን።

ሦስተኛ፣ የመጠን ጉዳይ ነው። በቤተ ሙከራው ውስጥ እርሾው የሚቀበለው ጨረር በአንድ ጊዜ የሚሰጥና ብዙውን ሕዋስ የሚገድል ነው። የሰው ልጅ ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በትንሽ በትንሹ፣ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ከሚጠራቀም ጉዳት ነው። በጎጆ ውስጥ ዕድሜ ልኳን የኩበት ጭስ የምትስብ የመንዝ እናት የገጠማት የጉዳት ዓይነትና ፍጥነት ከጨረር ማሽን ሥር እንደተቀመጠ ሳህን አይደለም።

አራተኛውና ዋነኛው ነጥብ እርሾ አንድ ሕዋስ መሆኑ ነው። በእርሾ ውስጥ ኬላ ሲፈርስ የምንመዝነው ሕዋሱ መትረፉን ነው። በሰው ውስጥ ግን የተበላሸው ሕዋስ መትረፉ ራሱ ነው አደጋው። እርሾ ካንሰር አይዘውም፤ ጎረቤት ሕዋስ፣ የደም ሥር፣ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት የለውም። በሰው ካንሰር ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳው «ፒ-53» በእርሾ ውስጥ የለም፤ «ቢአርሲኤ-1» እና «ቢአርሲኤ-2» የሚባሉትም የሉም። በተጨማሪ በቤተ ሙከራ የሚጠናው እርሾ ብዙ ጊዜ የአንድ ዘረመል አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነው። ሰው ግን ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ስለሚወርስ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራለታል። «ዘረመሉ ሲጎድል እርሾው እንዲህ ሆነ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሁለት ቅጂዎች አንዱ ትንሽ ለተለወጠባት ሴት በቀጥታ አይተረጎምም። እኔ በእህቲቱ ላይ የሠራሁት ስሕተት ይህ ነበር።

ሽግግሩ የሠመረበትና ያልሠመረበት

ይህን ስል ከእርሾ ወደ ሰው መሻገር አይቻልም ማለቴ አይደለም። ሊና ነርስ እ.ኤ.አ. በ1987 ዑደትን የሚያስኬድ ዘረመል የጎደለውን የፖምቤ እርሾ በሰው ዘረመል ተክተው አድነውታል። ከዚህ የበለጠ የዝምድና ማስረጃ ማቅረብ ይከብዳል።

በካንሰር ረገድ እጅግ የሠመረው ምሳሌ ግን ከኬላው ሳይሆን ከጥገናው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 አንዳንድ የደንዳኔ ካንሰር እብጠቶች ውስጥ ተደጋጋሚ የሆኑ አጫጭር የዲ.ኤን.ኤ ክፍሎች ርዝመታቸው እንደሚናጋ ታወቀ። በዚያው ዓመት ስትራንድና ባልደረቦቿ በእርሾ ውስጥ የዲ.ኤን.ኤ ቅጂ ስሕተት አራሚ ዘረመሎች ሲጎድሉ ተመሳሳይ መናጋት እንደሚከሰት አሳዩ፤ በእብጠቶቹም ውስጥ የተጓደለው ይኸው ሥርዓት ሊሆን እንደሚችል ጠቆሙ። ዓመቱ ሳያልቅ ከአራሚዎቹ አንዱ በደንዳኔ ካንሰር በሚጠቁ ቤተሰቦች ውስጥ ተበላሽቶ ተገኘ። ዛሬ ሊንች ሲንድሮም ለምንለው በሽታ የምናደርገው ምርመራ የዚያ ፍሬ ነው። ትንቢቱ የሠመረው ተመሳሳዩ ምልክት በእርሾውም በእብጠቱም ውስጥ በዓይን ስለታየ ነው።

የቼክ-2 ታሪክ ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በሳካሮማይሲስ ውስጥ አቻው «ራድ-53» ነው፤ ዋነኛ የኬላ ትእዛዝ አስተላላፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የቼክ-2 ለውጦች በሊ-ፍራውሜኒ ሲንድሮም፣ ማለትም በለጋ ዕድሜ ብዙ ዓይነት ካንሰር በሚያመጣ ከባድ የዘር በሽታ ውስጥ መገኘታቸው ተዘገበ። ኬላ ጠባቂ ነውና ከባድ በሽታ ማምጣቱ የሚጠበቅ መሰለ። ቆይቶ በብዙ ሰው ላይ ሲጠና ግን ሥጋቱ መካከለኛ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሰፊ ጥናት በዚህ ዘረመል ላይ ከሚታወቁት ለውጦች ዋነኛው በጤናማ ሰዎች ውስጥ 1.1 በመቶ፣ የቢአርሲኤ ለውጥ በሌለባቸው የጡት ካንሰር ቤተሰቦች ውስጥ 5.1 በመቶ መገኘቱንና የሴቶችን ሥጋት በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳየ። በእርሾ ውስጥ የአንድ ዘረመል ሥራ ትልቅ መሆኑ በሰው ላይ የሚያመጣውን ሥጋት መጠን አይነግረንም። የሥጋት መጠን የሚለካው ሰው በመቁጠር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «እጥፍ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ መያዝ ያሻል። የምን እጥፍ? በአገራችን የጡት ካንሰር አዲስ ክስተት መጠን ከአውሮፓ ያነሰ ነው። የትንሽ ቁጥር እጥፍ አሁንም ትንሽ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ያ ለውጥ የተጠናው በአውሮፓውያን ላይ ነው። የአፍሪካውያን ዘረመል ልዩነት ከሌላው ዓለም ይበልጥ ሰፊ ሆኖ ሳለ በመረጃ ቋቶቹ ውስጥ ያለው ድርሻ ጥቂት ስለሆነ፣ «ትርጉሙ ያልተለየ» የሚል ውጤት በእኛ ሕሙማን ላይ ይበዛል። ወረቀቱ ላይ የታየው የእህቲቱ ቤተሰብ ጉድለት ላይሆን ይችላል፤ የመረጃ ቋቱ ጉድለት ሊሆን ይችላል።

የሚገርመው ይህን ጉድለት ለመሙላት እርሾ ራሱ ያገለግላል። በሲያትል የሚገኘው የሜሪ-ክሌር ኪንግ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2012 ከታማሚዎች የተገኙ የቼክ-2 ለውጦችን በእርሾ ውስጥ አስገብቶ፣ የትኛው የኬላውን ሥራ እንደሚያሰናክልና የትኛው እንደማያሰናክል ፈትኗል። ለፒ-53 ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የቀለም ፈተና አለ፦ የታማሚው ፒ-53 በእርሾ ውስጥ ከሠራ ሳህኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ካልሠራ ቀይ ነጠብጣብ ይበቅላል። በዚህ መንገድ እርሾ ስለ ሥጋት አይናገርም፤ ለአንድ ጠባብ ጥያቄ ግን ግልጽ መልስ ይሰጣል፦ ይህ ለውጥ ሥራውን ያበላሸዋል ወይስ አያበላሸውም?

በእኛ ደጋ

የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሰበስብ የቆየው መረጃ በሴቶች ላይ ከሚከሰተው ካንሰር ሲሶ ያህሉ የጡት፣ ቀጥሎም የማኅፀን በር መሆኑን ያሳያል። መዝገቡ የዋና ከተማዋ ነው፤ ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ የሚመጣ ታማሚ የሚቆጠረው በደረሰበት ሆስፒታል ነው፤ ሳይደርስ የቀረው አይቆጠርም። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በአገሪቱ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። እንግዲህ አንድ የኬላ ዘረመል ተበላሽቶ ይሁን አይሁን ከመጠየቃችን በፊት፣ እብጠቷን ዳብሳ በጊዜ የመጣች ሴት በጊዜ መታየቷን ማረጋገጥ አለብን።

የኬላው ትምህርት ለማኅፀን በር ካንሰር በተለይ ይጠቅማል። በዚህ በሽታ ኬላው የሚፈርሰው በውርስ ሳይሆን በቫይረስ ነው። የሰው ፓፒሎማ ቫይረስ «ኢ-6» የተባለው ፕሮቲን ፒ-53ን ያስወግዳል፤ «ኢ-7» ደግሞ ሌላውን ጠባቂ ያሰናክላል። የጠባቂዎቹ ዘረመል ግን ደህና ነው። ስለዚህ ለዚህ ካንሰር የዘረመል ምርመራ ሳይሆን ክትባት ያስፈልጋል፤ ክትባቱም ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ ለልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ክትባቱን መውሰዷ ብዙ ወረቀት ከመመርመር ይበልጣል።

ስለ መጠጥም አንድ ቃል። እርሾ የሚሰጠን አልኮል በሰውነታችን ውስጥ ወደ አሴታልዴሃይድ ሲለወጥ ዲ.ኤን.ኤን ይጎዳል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት አልኮል መጠጦችን በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1988፣ የራድ-9 ጥናት በወጣበት ዓመት ነው። ስለ ኬላ ዘረመል አጥብቀን እየመከርን ስለ አረቄው ዝም ካልን ምክራችን ሚዛኑን ስቷል።

የቤተሰብን ሥጋት በሚመለከት ግን ደጋው ከብዙ ቦታ የተሻለ ሀብት አለው። በመንዝ ርስት በአባትም በእናትም ሲቆጠር ኖሯል፤ ለጋብቻም እስከ ሰባት ቤት ዘር ይጣራል። ለዘረመል ምክር ከዚህ የተመቸ መሠረት የለም። ብዙ ሰው የጡት ካንሰር ሥጋት በእናት ወገን ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል፤ «እንደ ርስቱ ነው፤ በአባትም ይመጣል፤ ደግሞም ሁሉም ወራሽ እኩል አይደርሰውም» ብንለው ወዲያው ይገባዋል። ስዊፍት በ1987 ያገኘው ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ የቤተሰብ ቆጠራ ነው።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ለእያንዳንዱ የጡት፣ የእንቁላል ማኅደርና የደንዳኔ ካንሰር ታማሚ የሦስት ትውልድ የቤተሰብ ታሪክ በሁለቱም ወገን እንመዝግብ፤ ማን እንደታመመ ብቻ ሳይሆን በስንት ዓመቱ እንደታመመ እንጠይቅ። ወጪው አንድ ወረቀትና ሃያ ደቂቃ ነው።

ሁለተኛ፣ «ትርጉሙ ያልተለየ» የሚል ውጤት ላይ ተመሥርተን ቀዶ ሕክምናም፣ ማስጠንቀቂያም፣ ማጽናኛም አንስጥ። እንዲህ ያሉ ለውጦች ከጊዜ በኋላ እንደገና ሲመደቡ አብዛኞቹ ጉዳት የሌላቸው ሆነው ይገኛሉ። ዘመድን የሚመለከተው ውሳኔ በቤተሰብ ታሪክ ላይ ይቁም፤ ውጤቱም በየጊዜው እንደገና ይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ እርሾውን ወደ ማስተማሪያ ክፍል እናምጣው። በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በ90 ደቂቃ ገደማ ራሱን የሚያጥፍ ፍጥረት ነው፤ ምግቡ ስኳርና ፕሮቲን ነው። ጤናማውንና ራድ-9 የጎደለውን እርሾ ጎን ለጎን በሳህን ዘርቶ፣ ዓይንን ከልሎ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት መምታትና በማግስቱ ቅኝ ማለት ከአንድ ሰዓት ንግግር ይበልጥ ያስተምራል። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሥር በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመውን ካምፓስ ጨምሮ የጤና ሳይንስ ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ለማድረግ የሚጎድላቸው ገንዘብ አይመስለኝም። ከዚያም አልፎ በኢትዮጵያውያን ላይ የሚገኙ ትርጉማቸው ያልተለየ ለውጦችን በእርሾ መፈተን በአገር ውስጥ ሊሞከር የሚችል ምርምር ነው። ጥያቄው የእኛ ነው፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ይመልስልን ብለን ልንጠብቅ አይገባም።

ማጠቃለያ

የዌይነርትና የሃርትዌል ሥራ በጊዜ ብዛት ያልደበዘዘ ሥራ ነው። ያሳየው ሕዋስ ጉዳት ሲደርስበት የሚያስቆመው ሥርዓት እንዳለውና ያ ሥርዓት ከጥገና የተለየ መሆኑን ነው። ማን ካንሰር እንደሚይዘው አላሳየም፤ አሳያለሁም አላለም። ያንን የጨመርንበት እኛ ነን።

እህቲቱን ከአንድ ዓመት በኋላ አስጠርቼ ያልኳት ቃል ስሕተት እንደነበረ ነገርኳት። የቤተሰቡን ዘር አብረን ቆጠርን፤ በአባትም በእናትም ወገን ከእህቷ በቀር በካንሰር ታመመ የተባለ ሰው አላገኘንም። «ታዲያ ወረቀቱ ምን ሊባል ነው?» አለችኝ። «ገና ያልተፈረደ ክርክር ነው፤ እስኪፈረድ ማንም ርስትሽን አይወስድብሽም» አልኳት። ፈገግ አለች። ጋብቻው ግን አልተመለሰም። የእርሾ ሳህን ላይ የተበላሸ ሙከራ በማግስቱ እንደገና ይዘራል፤ ለሰው የተነገረ ቃል ግን እንደዚያ አይደለም። ከመናገራችን በፊት ቆም ብለን የምንፈትሽበት ኬላ ለእኛም ያስፈልገናል።